በሃያ ሦስት ቁጥር ቦታ የመጣችው ሴት

አማንና ሚዛን በሚገናኙበት መንገድ ዳር፣ በአንድ የወንዶች ፀጉር ቤትና በአንድ የግብርና መድኃኒት መሸጫ መካከል፣ ባለ አንድ ክፍል ቢሮ ነበረን። በሩ ላይ «የሰው ኃይል አቅራቢ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። እዚያ ለትልልቅ መጋዘኖች ሠራተኛ ሲያቀርብ ቆይቶ በእኛም አገር ቅርንጫፍ ከፈተ። ባለመጋዘኑ ሰው ሲፈልግ ለኤጀንሲው ይናገራል፤ ኤጀንሲው ይመለምላል፣ ይመዘግባል፣ ያሰማራል። ሠራተኛው የሚውለው መጋዘን ነው፤ ቀጣሪው ግን ኤጀንሲው ነው። ይህን ለአባቴ ለማስረዳት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

«እና ቡናው የማን ነው?»

«የባለመጋዘኑ።»

«ሴቶቹስ የማን ሠራተኞች ናቸው?»

«የኤጀንሲው።»

«ታዲያ ሲያጠፉ ማን ይቆጣቸዋል?» አለና ሳቀ። «ሁለት አለቃ ያለው ሰው ምሳውን በየትኛው ፈቃድ ይበላል?»

አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያንን ሥራ ያገኘሁት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ እስክንጠራ በነበሩት ወራት ነው። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ቀጭን ሰው ነበር። «አንተ በይኝ፣ ገና አላረጀሁም» ስላለኝ አንተ እለው ነበር፤ ቃሉ ግን ምላሴ ላይ ይከብደኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ አንቀጽ አጽፎ የእጅ ጽሑፌን አየና «አንቺ ለመዝገብ የተፈጠርሽ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ደግሜ ለመስማት ያልሞከርሁት ነገር የለም። መዝገቡን በማስመሪያ አሰምራለሁ። ገና ሳይጠይቀኝ ፋይሉን አወጣለታለሁ። ሰው ጥያቄ ሲያቀርብልኝ መልሱን ባላውቀውም ፈጥኜ እመልሳለሁ፤ ዝም ማለት ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ደንበኛችን የነበረው የቡና መጋዘን ከከተማው ወጣ ብሎ በቴፒ መንገድ ላይ ነው። ለወቅቱ አርባ ሴት ለቃሚዎች ጠይቆን ነበር። ለቀማ ስል ከዛፍ የሚለቀመውን ማለቴ አይደለም። የተፈለፈለው ቡና በጆንያ ሆኖ መጋዘን ሲገባ፣ ሴቶቹ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የተሰበረውንና ጠጠሩን በእጃቸው ያወጣሉ። አቧራው አፍንጫ ስለሚዘጋ ሁሉም በሻሽ ይሸፈናሉ፤ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው።

በምዝገባው ሁለተኛ ቀን ረፋድ ላይ ከሸኮ በኩል የመጡ ስምንት ሴቶች አንድ ላይ ገቡ። አራት ወንበር ብቻ ስለነበረን ማንም አልተቀመጠም። አራቱ ቆመው አራቱ ከሚቀመጡ ሁሉም መቆሙን መረጡ። ከአገራቸው እየተመላለሱ መሥራት ስለማይቻል አማን ውስጥ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተዋል። ትልቃቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው እናት ናቸው። አማርኛ በደንብ የሚናገሩት እሳቸውና አንዲት ወጣት ነበሩ፤ ሌሎቹ ጥቂት ጥቂት ይሰማሉ። እኔ አባቴ ቤንች ስለሆነ ቤንችኛ እሰማለሁ፤ ሸኮኛ ግን አልችልም።

አንድ በአንድ መዘገብኋቸው። ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ ስድስት ያለው ቁጥር የእነሱ ሆነ። ሃያ ሦስት ቁጥር ባሏ የሞተባት፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት የማትመስል ቀጭን ሴት ነበረች። ልጆቿን ከባሏ እህት ጋር ትታ ነው የመጣችው። ቅጹ ላይ «ሥራውን ለምን ፈለጉት?» የሚል መስመር ነበረ፤ ብዙዎቹ ሳቅ ብለው ያልፉታል። እሷ ግን አስባ፣ በወጣቷ አስተርጓሚነት «የቤቴ ሣር በስብሶ ልጆቼ ላይ ያፈስሳል፣ ቆርቆሮ ልከድን» አለች። እንዳለችው ጻፍሁ።

ቀጥሎ ደንቡን ማንበብ ነበረብኝ። አሥራ ሁለት ተራ ቁጥር አለው። ውጭ ሰልፉ ፀጉር ቤቱ በር ደርሷል፣ ፀጉር ቆራጩም «ደንበኛ አታስገቡልኝም ወይ?» እያለ ይጮኻል። በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበብሁት። ስጨርስ ትልቋ እናት ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሰው ነንና አንዷ ብትታመም፣ አንዷ ቤት ችግር ቢገባስ?»

ሥራ አስኪያጁ ያን ዕለት ጠዋት «መጋዘኑ የሚፈልገው አንድም ወንበር ባዶ እንዳይውልበት ነው» ብሎኝ ነበር። እሱ ትዝ አለኝና ፈገግ ብዬ «ስምንት ሰው ካለ ችግር የለም፣ እናቴ» አልኋቸው።

ይህን በቋንቋቸው ነገሯቸው። ስምንቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደዚያ ከሆነማ የምናውቀው ነው» አሉ ትልቋ እናት፤ ፊታቸው በራ። ከዚያ በተራ ቀለም እየነኩ «ደንቡ ተነብቦልኝ ተረድቼ ተስማምቻለሁ» ከሚለው ሥር አሻራቸውን አሳረፉ። ወጣቷ አውራ ጣቷን እያየች «ይሄ ቀለም ይለቃል? ባሌ ከማን ጋር ተፈራረምሽ እንዳይለኝ» አለችና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ሁሉም የተደሰተበት ምዝገባ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በባጃጅ መጋዘኑ በር እደርሳለሁ። መጋዘኑ ሴቶቹን በቁጥር ነው የሚያውቃቸው፤ ስለዚህ የምጠራው ቁጥር ነው። የለቃሚዎቹ ካቦ፣ ማለትም አሠሪያቸው፣ ወፍራምና ቀልደኛ ሴት ነበረች። አጠራሬን ሁልጊዜ ታሾፍበታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጥር መጥራት ለምደሽ ስታገቢ ባልሽን አንድ ቁጥር እንዳትይው።»

«ምን አለበት?»

«ሁለት ቁጥር የታለ ብሎ ቤቱን ይፈትሽብሻላ!»

ካቦዋ ሰው በቀላሉ አታደንቅም። ሃያ ሦስት ቁጥርን ግን ታደንቃት ነበር። ያን ቀጭን ጣቷን እያየች «ይቺ ቡናውን አትለቅመውም፣ ታነጋግረዋለች» ትላለች፤ እሷ የጨረሰችውንም ሰፌድ አንስታ ለሌሎቹ ታሳያለች።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት «ሃያ ሦስት» ብዬ ስጠራ «አቤት!» የሚል ጎላ ያለ ድምፅ መጣ። ሃያ ሦስት ቁጥር አቤት ብላ አታውቅም፤ እጇን ነው የምታነሣው። ቀና ብዬ አየሁ። ሻሹ ያው ነው፣ አንገቷ ላይ ያለው ባጅም ያው ነው፤ የባጁ ፎቶ ከቢሯችን ማተሚያ ጠቁሮ ስለወጣ የማንም ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ ግን አጠር ያለች፣ ትከሻዋ የሰፋ ነበረች።

«ሃያ ሦስት ቁጥር አንቺ ነሽ?»

«ዛሬ አዎ» አለችኝ።

«ነገስ?»

«ነገም። የዚያኛዋ ቡና ተለቅሞ እስኪያልቅ።»

ያለችው ዝናብ ሊዘንብ ነው እንደሚል ሰው ነው። አልደነገጠችም፣ አልተደበቀችም፣ ከኋላዋ ያሉትም ምንም አልመሰላቸውም። የሃያ ሦስት ቁጥር የባሏ እህት ነበረች፤ አማርኛዋም ደህና ነው። ሃያ ሦስት ቁጥር ከቤቷ ጓሮ ጥቂት የቡና ዛፍ አላት፤ ፍሬው ቀልቶ ስለደረሰ ልትለቅም ሄዳ፣ ልጆቹን ትጠብቅ የነበረችው በቦታዋ መጥታለች። ካቦዋ ከውስጥ «አስገቢያቸው እንጂ!» ብላ ስለጮኸች አስገባኋቸው።

የዘበኛው ዳስ ውስጥ ገብቼ የዕለቱን ሪፖርት አወጣሁ። «ልዩ ሁኔታ» የሚል ዓምድ አለው፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ባዶውን ነበር የማስረክበው። እውነቱን ለመናገር የምጽፈው ነገር በማግኘቴ ደስ አለኝ። «ሃያ ሦስት ቁጥር ሠራተኛ ያልተመዘገበች ሌላ ሰው በምትኳ ልካ ተገኝታለች» ብዬ በጥሩ ፊደል ጻፍሁና በማስመሪያ አሰመርሁበት።

ሥራ አስኪያጁ አነበበው። «ዓይንሽ ጥሩ ነው» አለኝ። የጠበቅሁት ቃል መጣ። ወዲያው ግን ቀጠለ፦ «ተራ ቁጥር ሰባት ነው። በስሙ ሌላ ሰው የላከ ይሰናበታል፣ ዳግመኛም አይመዘገብም። ዛሬውኑ አሳውቂያቸው። ለነገ ከተጠባባቂዎቹ አንዷን ጥሪ።»

«ዳግመኛ ማለት ለዚህ ዓመት ነው?»

«ለሁልጊዜ። በየትኛውም መጋዘናችን።»

እዚያ ላይ ነው ቆርቆሮው ትዝ ያለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያበቃ በሩ ላይ ትልቋን እናት ጠብቄ ነገርኋቸው። ሰሙኝና «ማን ጎደለ?» አሉ።

«ማንም አልጎደለም። ግን...»

«እስቲ ቁጠሪን።»

ሳላስበው ቆጠርሁ። ስምንት ናቸው።

«ታዲያ?» አሉኝ። «ነይ ወደ አለቃሽ እንሂድ» አሉና ስምንቱም በእግራቸው ወደ ቢሮው መንገድ ጀመሩ። እኔ ከኋላ ተከተልሁ።

ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ተቀበላቸው። እንደ ፊቱ ማንም አልተቀመጠም። ትልቋ እናት «እኛ ዳዶ ነን እኮ» ብለው ጀመሩ።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «ዳዶ ምንድነው?»

ዳዶ ምን እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ጎረቤታሞች ይሰባሰቡና ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ተራ ገብተው ይሠራሉ። አስረዳሁት። ትልቋ እናት ጨመሩበት፦ «የተራው ዕለት መምጣት ያልቻለ ከቤቱ ሰው ይልካል። ዳዶ ማን መጣ አይልም። ሰው መጣ ወይ ነው የሚለው። እቤት ተቀምጣ ሰው ያልላከች ብትሆን እኛው ራሳችን ነበር የምናስወጣት።»

«እናቴ፣ የገባኝ መሰለኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ነገር ግን እኛ የምንቀጥረው እያንዳንዱን ሰው ነው። ይቺ እህቴ ዛሬ ጆንያ ቢወድቅባት በማን ስም አሳክማታለሁ? መድኅን የተገባው ለሃያ ሦስት ቁጥር ነው። ለእሷ ግን አንድም ወረቀት የለኝም።»

ይህ ሲተረጎምላቸው ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የባሏ እህት የመጋዘኑን የጆንያ ክምር የምታይ ይመስል ቀና አለች። ትልቋ እናት ጥቂት አሰቡና «ይህ እውነት ነው» አሉ። «ቀድሞ ቢነገረን አንልክም ነበር። እኛ የተነገረን ስምንት ሰው ካለ ችግር የለም ተብሎ ነው።»

«ማነው እንደዚያ ያለው?»

ትልቋ እናት ወደ እኔ አላዩም። ወለሉን አዩና «የሰማነው እንደዚያ ነው» አሉ። ወጣቷም አማርኛ የማታውቅ መሰለች።

«ደንቡ ተነብቦላቸዋል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ተነብቧል» አልሁ። ውሸት አልነበረም። እነሱም «እሺ» ብለው ወጡ።

እቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርሁት። ጓሮ ውስጥ ጎደሬ እየቆፈረ ነበር፤ ሥራውን አላቆመም።

«አንቺ ያልሻቸው ምንድነው?»

ያልሁትን ነገርሁት።

«ሴትዮዋስ ለምን አልተናገሩብሽም?»

«አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ» አለኝ። ከዚያ የቆፈረውን ጎደሬ አፈሩን አራግፎ ሰጠኝና «ለእናትሽ አስገቢላት» አለ።

በማግሥቱ ከመጋዘኑ በር መልስ ሥራ አስኪያጁን ቢሮው ደፍ ላይ በእንጨት የጫማውን ጭቃ ሲፍቅ አገኘሁት። ቆሜ ነገርሁት። «ስምንት ሰው ካለ ችግር የለም ያልኋቸው እኔ ነኝ።»

መፋቁን ተወ። «ትናንት እዚሁ ቆመሽ አልነበረም?»

«ነበርሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

የመጣልኝ መልስ «ዓይንሽ ጥሩ ነው ብለኸኝ ነበር» የሚል ነበር። ሲወጣ ለራሴም ሞኝነት መሰለኝ። እሱ ግን አልሳቀብኝም። እንጨቱን አንሥቶ ጭቃውን እንደገና መፋቅ ጀመረ። ባጃጆች እየጮኹ ያልፋሉ፣ ፀጉር ቆራጩ ውሃ ወደ መንገዱ ይደፋል።

«እኔ ያለ ዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ስንብት ማንሣት አልችልም» አለ በመጨረሻ። «የእኔ ቃል ደግሞ እዚያ አይበቃም። ያልሽውን ጻፊውና ፈርሚበት። ሊያስጠይቅሽ ይችላል፣ ይህን ዐውቀሽ ጻፊ።»

ጻፍሁ። ተራ ቁጥር ሰባትን ሳነብ እንዳላብራራሁ፣ ሠራተኞቹ ሲጠይቁኝ ሳላጣራ የተሳሳተ መልስ እንደሰጠሁ፣ እነሱም የሠሩት በተነገራቸው መሠረት እንደሆነ ጻፍሁ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከው፤ ከሥሩም «ሠራተኛዋ ጠንካራ ናት» የሚል መስመር ጨመረ። ስለ ሃያ ሦስት ቁጥር ይሁን ስለ እኔ አልጠየቅሁትም።

መልሱ ሳይመጣ ሁለት ቀን አለፈ። በእነዚያ ቀናት በር ላይ ቁጥር ስጠራ ከሃያ ሁለት ወደ ሃያ አራት ማለፍ ይከብደኝ ነበር። የባሏ እህት አገሯ አልተመለሰችም፤ ጠዋት ጠዋት ከሌሎቹ ጋር በሩ ድረስ ትመጣና ሲገቡ ከበሩ ማዶ ያለ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። አትለምንም፣ አትቆጣም። ሰው እንዳልጎደለ ለማሳየት የመጣች ይመስል ነበር። ካቦዋ ግን በእኔ ላይ ተቆጥታለች።

«ከተጠባባቂ የላክሽልኝን ልጅ አይተሻታል? ቡናውን ትጥላለች፣ ጠጠሩን ታስቀምጣለች!»

«ትለምዳለች።»

«እስክትለምድ ቡናውን የሚገዙን ጃፓኖች በጠጠሩ ጥርሳቸውን ይጨርሳሉ!»

ሐሙስ ረፋድ ላይ መልሱ መጣ። ሃያ ሦስት ቁጥር የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ትመለሳለች፤ ነገር ግን ሰኞ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ራሷ በአካል መገኘት አለባት። ያን ዕለት ካልተገኘች ስንብቷ ይጸናል። ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኛል። ደንቡም በሚሰሙት ቋንቋ ለሁሉም እንደገና እንዲነገር ታዟል። ሩጬ ሄጄ ድንጋይዋ ላይ ለተቀመጠችው ነገርኋት። ደግሜ፣ ቀስ ብዬ፣ ለሰኞ ስንት ቀን እንደቀረ በጣቴ ቆጥሬ ነገርኋት። ወዲያው በሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ሸኮ ሄደች።

ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዓርብ ጠዋት ትልቋ እናት በሩ ላይ ያዙኝ።

«ሰኞ ትመጣለች» አሉኝ። «ቡናዋ ግን እኩሌታው ዛፍ ላይ ነው። ቀልቶ አልፎታል። ዝናብ ቢመታው ይረግፋል።»

«ይቅርታ፣ እናቴ» አልኋቸው።

«ይቅርታውን ለእሷ ትነግሪያታለሽ። ዳዶ ውስጥ ያጠፋ ሰው አንድ ቀን ይሠራል። ነገ ሥራ አለሽ?»

ይህ እውነት የዳዶ ሥርዓት ይሁን፣ ለእኔ ብለው ያወጡት ሕግ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴም ስጠይቀው ሳቀ እንጂ አልነገረኝም። ሥራ አስኪያጁን ለቅዳሜ ፈቃድ ጠየቅሁት።

«ለምን ጉዳይ?»

«ቡና ለመልቀም።»

«ከዛፍ?»

«ከዛፍ።»

«ሳምንቱን ሙሉ የምታይው ቡና አልበቃሽም?» አለ፤ ፈቃዱን ግን ፈረመልኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሸኮ ወረድሁ። የባሏ እህት መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝና በጥላ ዛፎች ሥር ባለው ጭቃማ መንገድ ይዛኝ ሄደች። ቤቱ ከሩቅ ታየኝ። ሣሩ ጠቁሯል፣ በአንድ በኩል ላስቲክ ተደርጎበት በድንጋይ ተይዟል። ጎረቤቶች ቀድመው ገብተው እየለቀሙ ነበር። ሃያ ሦስት ቁጥር ያለ ሻሽ ከዛፎቹ መሃል ወጣች። ያን ያህል ሳምንት በየቀኑ ቁጥሯን እየጠራሁ፣ ሙሉ ፊቷን ከምዝገባው ቀን ወዲህ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ነገር ሁሉ ነገርኋት። ረጅም ነበር። የባሏ እህት እየተረጎመችላት ሰማች፤ ከዚያ አንዲት አጭር ቃል ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ቅርጫቱን ወገብሽ ላይ እሰሪው አለች።»

አሰርሁ። ቡና አገር ተወልጄ ያደግሁ ከተሜ ነኝ፤ ከዛፍ ላይ ለቀማ ግን ተለማምጄ አላውቅም። ቀዩን ስስብ አረንጓዴው አብሮ ይመጣል። ከጎኔ ያሉት ሦስት ዛፍ ሲጨርሱ እኔ አንዱ ላይ ነኝ። የባሏ እህት ቅርጫቴን አየችና «ይህቺ በወረቀት ላይ ነው የምትፈጥነው» ብላ ለሁሉም አስተላለፈች፤ ዛፎቹ መሃል የሳቅ ድምፅ ከወዲያ ወዲህ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ የተቀቀለ ጎደሬ በላን፣ ከቡና ቅጠል የተፈላውን ጨሞ በቅል ጠጣን። በውስጡ ያለው ሚጥሚጣ አስለቀሰኝ። ልጆቿ ሲያዩኝ እንዳልሳል ብዬ ዋጥሁት፤ ያውም አልሆነልኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዝናብ መጣ። ያልተለቀመው ስድስት ሰባት ዛፍ ብቻ ነበር። ከአንድ ሰፊ ጥላ ዛፍ ሥር ተጠልለን ሳለ ሃያ ሦስት ቁጥር ደንቡን እንድነግራት ጠየቀች። ወረቀቱ በእጄ አልነበረም፤ በቃሌ ግን አውቀዋለሁ። አንድ ተራ ቁጥር እናገራለሁ፣ የባሏ እህት ትተረጉማለች፣ ሃያ ሦስት ቁጥርም የገባትን መልሳ ትነግረኛለች። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጠየቀች።

«ልጅ ቢታመም፣ ሰው መላክ ካልተቻለ፣ ማን ጋር ነው የሚነገረው?»

አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። «አላውቅም» አልሁ። «ጠይቄ ሰኞ እነግርሻለሁ።»

«ቤት ውስጥ ሞት ቢሆንስ ስንት ቀን ነው?»

«እሱንም አላውቅም። እጠይቃለሁ።»

ትርጉሙን ሰማችና ለባሏ እህት የሆነ ነገር አለቻት። የባሏ እህት ሳቋን አፍና «ብዙ የማታውቂው ነገር አለ አለች» አለችኝ። ሃያ ሦስት ቁጥር ግን ቀጭን ጣቶቿን ወደ ዳር ጠቁማ ቅርንጫፉ ዝቅ ያለውን፣ ለእኔ የሚቀለውን ዛፍ አሳየችኝ። ዝናቡ ሳያባራ ተነሥተን የቀሩትን ለቀምን።

ሰኞ ስደርስ ከመጋዘኑ በር ላይ ቀድማኝ ቆማ ነበር። ጫማዋ ላይ የሸኮ ጭቃ ገና አልደረቀም። ቁጥር መጥራት ከመጀመሬ በፊት ወጣቷን ጠርቼ ከሥራ አስኪያጁ በስልክ ያገኘሁትን መልስ አስነገርኋት፤ ልጅ ሲታመም ያን ዕለት ጠዋት ለካቦዋ ወይም ለእኔ ይነገራል፣ ለሐዘን ደግሞ ሦስት ቀን ይፈቀዳል፣ ወንበሯም ይጠብቃታል። ጥቂት አሰበችና ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። ካቦዋ ከውስጥ «ልጅት፣ በሩን!» እያለች ትጮኻለች። የዚያንም መልስ አላውቀውም ነበር፤ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጥያቄውን ጻፍሁት።